የመሐሉ ቃል

መጻፍ እንዴት እንደጀመርኩ የሚጠይቁኝ ሰዎች መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ መጽሐፍ ነፍሴ ነበር እንድላቸው ይፈልጋሉ። ነፍሴ አልነበረም። አንብቢ ስባል ሆዴን የሚቆርጠኝ፣ ፊደል ከፊደል ለማጋጠም ጣቴን ገጹ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የምጎትት ልጅ ነበርኩ። ማንበብም መጻፍም ያስተማረኝ ፍርሃት ነው። እጽፍ የነበረው አባቴ እንዳይሞት ነው።

የምንኖረው የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ሰፊ ግቢ ጀርባ ነበር። ጠዋት የሚቀሰቅሰን ሞተር ነው፤ ያሰጣነው ልብስ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል። ከሰፈሩ አባቶች እኩሌታው ሾፌር፣ እኩሌታው ረዳት ነበር። አባቴ ሾፌር ነው፤ ትልቅ ተሳቢ ይነዳል። ረዳቱን ሰው ሁሉ ፉጨት ይለዋል፤ ጎማ ሲፈታም ያፏጫል፣ ሸራ ሲያስርም ያፏጫል። እናቴ፣ "ይሄ ሰውዬ እንቅልፍ ላይም ሳያፏጭ አይቀርም፤ ሚስቱን አምላክ ይርዳት" ትል ነበር።

"ልጄ እኮ እናንተ ትምህርት ቤት ናት" ይለኛል ፉጨት ባገኘኝ ቁጥር። "አንቺ ስትወጪ እሷ ትገባለች። ፀሐይና ጨረቃ ሆናችሁ፣ መቼ ነው የምትተዋወቁት?"

ትምህርት ቤታችን ልጅ በዝቶበት በፈረቃ ነበር የሚያስተምረው። እኔ የጠዋት ነበርኩ፣ የፉጨት ልጅ የከሰዓት። ክፍሉ አንድ ነው፣ ዴስኩ አንድ ነው፣ መምህሩ ብቻ ይለያያል። አይቻት አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ክፍላችን ታብሌት ገባ። አዲስ አልነበሩም፤ ጥጋጥጋቸው የተፋቀ፣ የአንዳንዱም መስታወት የተሰነጠቀ ነበር። የጠዋቷ መምህራችን በየጀርባቸው ባለቀለም ፕላስተር ለጥፋ አደለችን። ለእኔ ቢጫው ደረሰኝ፣ አጠገቤ ለሚቀመጠው ለጥርሶ ሰማያዊው። እኛ ስንወጣ የከሰዓቶቹ ይይዟቸዋል፤ እነሱም ሲወጡ ብረት ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፋሉ። በቁልፉ ቀዳዳ ስናጮልቅ ጨለማው ውስጥ ትናንሽ አረንጓዴ መብራቶች ይታያሉ። ጥርሶ፣ "ሲመሽ እርስ በርስ ያወራሉ" አለኝ፤ አመንኩት።

"ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ ይጻፋል" አለች መምህራችን፤ ስታወራ እጇ አይቀመጥም። "የፈለጋችሁትን። ስህተት ብሎ ነገር የለም፣ ቀይ እስክሪብቶዬን ጥያለሁ። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሯችሁ ላይ ታደርጋላችሁ፤ የጻፋችሁትን ያነብላችኋል። ጆሯችሁ ያልወደደውን ታስተካክላላችሁ። በቃ!"

የሚያነበው ድምፅ ጉንፋን የያዛት ሴት ድምፅ ነበር። ግን ታጋሽ ናት። አሥር ጊዜ ድገሚ ብትባል አሥር ጊዜ ትደግማለች፤ እንደ አክስቴ "አሁንስ አቃጠልሽኝ!" አትልም። የምታነበው ቃል ተራ በተራ እየደመቀ ሲሄድ ዓይኔ ይከተላል። ነገሩ ሊጥመኝ ጀምሮ ነበር ማለት እችላለሁ።

"ሌላም ያውቃል" አለች መምህራችን። "አንድ ቃል ስትጽፉ ከላይ ሦስት ቃል ያመጣላችኋል። ቀጥሎ ምን ልትሉ እንደሆነ እየገመተ ነው። ከተስማማችሁ ንኩት፣ ካልተስማማችሁ እለፉት።"

ጥርሶ እጁን አወጣ። "ምን ልንል እንደሆነ በምን ያውቃል ቲቸር?"

"እናንተን እያየ ይማራላ!" ብላ ሳቀች።

ክፍሉ አብሯት ሳቀ። እኔ ታብሌቱን ገለበጥኩት። ጥጉ ላይ የዶሮ ዓይን የምታህል ጥቁር ክብ ነገር አለች። እያየችኝ ነበር። ጣቴን አደረግኩባት።

ጨዋታውን የፈለሰፈው ጥርሶ ነው። አንድ ቃል ትጽፋለህ፣ ከዚያ ከሦስቱ ሁልጊዜ የመሐሉን ብቻ እየነካህ ትሄዳለህ፤ ታብሌቱ ራሱ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሰዋል። እሱ "እኔ" ብሎ ጀመረ፤ "እኔ ዳቦ እፈልጋለሁ ዳቦ እፈልጋለሁ ዳቦ" አለለት። ዴስኩ ላይ ተደፍተን ሳቅን። ጥርሶ ከዳቦ ሌላ ጽፎ አያውቅም።

"ሆድህን አወቀብህ!" አለችው ከፊታችን የምትቀመጥ ልጅ። ከዚያ የራሷን ሞከረች። "ወንድሜ" ብላ ጀመረች፤ "ወንድሜ ይመታኛል" አለ። ማንም አልሳቀም። ወንድሟ እንደሚመታት ሁላችንም እናውቃለን። ታብሌቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዞረች።

"ታብሌት አይዋሽም" አለ ጥርሶ፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ሽማግሌ።

አባቴ ከወጣ ሰንብቶ ነበር። ሌላ ጊዜ በየደረሰበት ከተማ ይደውላል። "ጎበዜ፣ ምን ላምጣልሽ?" ይለኛል፤ ከኋላው የፉጨት ፉጨት ይሰማል። በዚያ ሰሞን አልደወለም። እናቴ፣ "ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም" አለችኝ፤ አላየችኝም ስትለኝ።

ስለዚህ "አባቴ" ብዬ ጻፍኩ። መሐል ላይ "ከመንገድ" የሚል መጣ። ነካሁት። "ሳይመለስ" መጣ። ፊደሉን አጋጥሜ ሳልጨርስ ነካሁት። "ቀረ" መጣ። ነካሁት። ከዚያ አራት ነጥብ አመጣና ዝም አለ።

እኔ ገና ሁለተኛውን ቃል እየቆጠርኩ ነበር። ማዳመጫውን አድርጌ አንብቢ የሚለውን ተጫንኩ። ጉንፋን የያዛት ሴት በዚያ ቀዝቃዛ ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ፣ "አባቴ ከመንገድ ሳይመለስ ቀረ" አለችኝ።

"ያንቺስ ምን አለ?" አለኝ ጥርሶ።

"ምንም።" በሁለት እጄ ሸፈንኩት። ወዲያው አጠፋሁትና እንደገና "አባቴ" ብዬ ጻፍኩ፤ የመሐሉን፣ የመሐሉን፣ የመሐሉን። ያው ነው። ያንን ቀን ከዚያ በኋላ ምን እንደተማርን አላውቅም፤ ብቻ ደውል እስኪደወል ሽንቴ ሲያስጨንቀኝ ትዝ ይለኛል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለሁ ድምፁ ይቀበለኛል። በዚያ ሰሞን ግን ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ስልኳ ድርር ብሎ ይነዝራል፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ ይቆማል፣ ስልኩን ይዛ ሽንት ቤት ትገባለች። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነው።

"ማነው?" እላታለሁ።

"ደንበኛ ናት።"

"ምን አለች?"

"ቀሚሷ ጠቧት።"

አንዲት ሴት ቀሚስ ጠበባት ተብሎ በቀን ይህን ያህል አይለቀስም። ልጅ ብሆንም ይህቺን አላጣኋትም።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ ማታ ማታ መምጣት አበዛች። ማድ ቤት ገብተው በሩን ገርበብ ያደርጉታል። ደግነቱ የአክስቴ ሹክሹክታ ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

"አፉን በሽቦ አስረውታል ነው የምትዪኝ?"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች!"

"ለልጅቷስ መቼ ነው የምትነግሪያት?"

"አሁን አይሆንም። ትንሽ ትቆይ።"

"ውይ! የሞተስ አረፈ፤ መከራው የቀሪ ነው" አለች አክስቴ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

እኔ በሩ ኋላ ቆሜ ሽቦውን አየሁት። ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ጨለማ መንገድ ላይ መኪናውን አስቁመው፣ አባቴን አውርደው፣ እንዳይጮህ አፉን በሽቦ ሲያስሩት አየሁ። ሽቦው ግን የሐኪም ሽቦ ነበር። መንጋጋ ሲሰበር እስኪገጥም ድረስ የላይና የታች ጥርስ አንድ ላይ ይታሰራል። መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ፣ አባቴ ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ፣ መናገር ስለማይችል በስልክ ይጽፍላት ነበር። እንዲያ ሆኖ እንዳላየው፣ እንዳልሰማም የለመናት እሱ ነው። ቀሚሷ የጠበባት ደንበኛ አባቴ ነበር።

ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ሽቦውንና የመሐሉን ቃል ብቻ ነው። በማግስቱ ደግሞ የእናቴን ጥቁር ቀሚስ አገኘሁት። ከስፌት መኪናው ሥር፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ተደብቋል፤ ጠርዙ ላይ ጭቃ አለ፣ ብብቱ ገና አልደረቀም። ለብሳው የሆነ ቦታ ሄዳ፣ ቤት ሳትገባ ቀይራው ነው። ሳሸተው የሌላ ቤት ሽታ፣ የብዙ ሰው ሽታ ነበረው። መልሼ እንደነበረ ጠቀለልኩትና እጄን ታጠብኩ።

ታብሌት አይዋሽም። ነገር ግን እያየ ይማራል ተብሏል። የሚማር ከሆነ ሌላ ነገር ማስተማር ይቻላል ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ዳቦዬን ሻይ ውስጥ ነክሬ ሟሙቶ እስኪወድቅ ድረስ ነው፤ እናቴ ማንኪያ አምጥታ አወጣችልኝ።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድሜ ክፍል ገባሁ። "አባቴ ይመጣል" ብዬ ጻፍኩ። አራት ነጥብ። "አባቴ ይመጣል።" ገጹ እስኪሞላ። መጀመሪያ የመሐሉ ቃል ያው "ከመንገድ" ነበር፤ አልነካሁትም፣ እንደሌለ አለፍኩት። እየቆየ "ይመጣል" በግራ በኩል ብቅ አለ። ደውል ሊደወል ሲል መሐል ገባ። ማዳመጫውን አደረግኩ። "አባቴ ይመጣል" አለች ሴትየዋ። ወደ ቤት እየሮጥኩ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ቢጫውን ከፍቼ "አባቴ" ስል መሐል ላይ "ከመንገድ" አለ።

ይህ ነው ያስለቀሰኝ። ሌሊቱን ቁምሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሰምቷል ማለት ነው። እንደገና ጻፍኩ፤ እኩለ ቀን ላይ አሸነፍኩ፤ ጠዋት ሽንፈቴ ጠበቀኝ። በየቀኑ እንዲሁ። አባቴን እኔ ቀን ከመቃብር እጎትታለሁ፣ እሱ ሌሊት መልሶ ይከተዋል።

መምህራችን ኋላዬ መጥታ ቆመች አንድ ቀን። ገጹን አየችው። ቅጣት የተሰጠኝ ነበር የሚመስለው።

"ይመጣል ካልሽ እሺ፣ ይመጣል" አለችኝ፣ ጎንበስ ብላ። "ግን እኔ አባትሽን አላውቀውም። እንዴት እንደሚመጣ አሳዪኝ። ምን ይሰማል? ምን ይሸታል? መጀመሪያ ምን ያደርጋል?"

ይህቺ ሴት አንድ ቃል ብቻ በቂ እንዳልሆነ ነገረችኝ ብዬ ነው የተረዳሁት። ታብሌቱ አንዷን ዓረፍተ ነገር በቀላሉ ይረሳታል፤ ብዙ ሲሆንበት ግን መርሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ማብዛት ጀመርኩ። "አባቴ ይመጣል። መኪናውን ከግቢው በር አጠገብ ያቆማል። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። በሩን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል።" ቃል ሲያልቅብኝ መደርደሪያው ጋ ሄጄ መጽሐፍ አነሳለሁ፤ ሰው ከሄደበት የሚመለስበትን ገጽ እፈልጋለሁ። ታብሌቱ ውስጥ ያሉትንም ታሪኮች ሴትየዋ እያነበበችልኝ በዓይኔ እከተላለሁ። የሚመለስ ሰው ያለበት መጽሐፍ ከሆነ እስከ መጨረሻው፤ ከሌለበት እዘጋዋለሁ። በዚህ መሐል ጣቴ ገጹ ላይ መጎተቱን መቼ እንደተወ አላስታውስም። መምህራችን በወላጆች ስብሰባ ላይ የእኔን ነገር እንደ ምሳሌ ስታወራ ነበር አሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ባገኘኋት ጊዜም፣ "አንቺን እኮ ያች ታብሌት ናት የለወጠችሽ፤ ፍቅር አሲዛሽ!" አለችኝ። እሺ አልኳት። ደስታዋን ማበላሸት አልፈለግኩም።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዳ መጡ። መነጽር ያደረጉ፣ ሆዳቸው የሚቀድማቸው ሰው ናቸው። የመጡት ገና ጠዋት፣ እኔ ታብሌቱን ሳላስተካክል ነበር። መምህራችን በኩራት ወደ እኔ እያመለከተች፣ "ይህቺ ናት" አለች። "ፊደል አጋጥማ መጨረስ የማትችል ነበረች።"

"እስቲ አምጪው ልጄ" ብለው ቢጫውን ከእጄ ወሰዱ። "ይሄ ቃል ይገምታል የምትይው እንዴት ነው?" አሏት። መምህራችን አሳየቻቸው፤ የመጨረሻ ገጼ ላይ ገና የጀመርኩትን ቃል ነካች። "አባቴ" የሚል ነበር። "የመሐሉን ይንኩ ጌታዬ፣ ልጆቹ እንዲህ ነው የሚጫወቱበት።"

እንግዳው በወፍራም ጣታቸው ነኩ፣ ነኩ፣ ነኩ። ከዚያ እንደ ዜና አንባቢ ጮክ ብለው፣ "አባቴ ከመንገድ ሳይመለስ ቀረ" አሉ።

ትልቅ ሰው ተናገረው። በወፍራም ድምፅ፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት። መምህራችን እጇ አየር ላይ ቀረ። እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና ራሴን ዳሰሱኝ፤ "አይዞሽ የኔ ልጅ። አይዞሽ" አሉኝ። ለሞተበት ሰው ካልሆነ እንዲህ አይባልም። ያኔ ሁሉም የሚያውቁት፣ ያልተነገረኝ እኔ ብቻ መሰለኝ፤ ዴስኩ ላይ ተደፍቼ ጮህኩ።

እናቴ ተጠራች። ወደ ቤት ስንሄድ እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር፤ በር ዘግታ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች።

"ማነው የነገረሽ?"

"ታብሌቱ።"

"ምን ብሎ?"

ነገርኳት። "አባትሽ አለ፤ እናቴ ትሙት አለ። ትንሽ አሞት ነው። ይመጣል።"

"ታዲያ ለምን አይደውልም?"

"አፉን... ትንሽ አሞት ነው አልኩሽ እኮ!" ብላ አቀፈችኝና ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ባታለቅስ አምናት ነበር።

ከዚያ በኋላ እንደ እብድ ነው የጻፍኩት። አባቴ የሚያልፍበትን ከተማ ሁሉ፣ የሚበላበትን ቤት፣ ጎማ የሚያስነፋበትን ቦታ። ከተማውን አላውቀውም፤ እፈጥረዋለሁ። አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው ቢጫውን ከፈትኩና "አባቴ" አልኩ። መሐል ላይ "ይመጣል" አለ። አላመንኩም። ነካሁት። "መኪናውን" አለ። "ከግቢው" አለ። እኔ የጻፍኩትን፣ የራሴን ቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይዞት አድሮ መለሰልኝ። በማግስቱም እንደዚያው። አሸነፍኩ።

አሁን የማውቀውን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ታብሌቱ ማታ ምንም አይሰማም። የሚገምተው ከዚህ በፊት እላዩ ላይ ከተጻፈው ነው፤ ማንም ይጻፈው ማን። የጠዋቱና የከሰዓቱ ጽሑፍ ለየብቻ ይቀመጣል፤ ግምቱ ግን የጋራ ነው። ቢጫውን ከሰዓት በኋላ የምትይዘው ደግሞ የፉጨት ልጅ ነበረች። ፉጨት እዚያው ቁልቁለት ላይ ሞቷል። የእናቴ ጥቁር ቀሚስ የእሱ ለቅሶ ነበር፤ ያረፈውም እሱ ነው። ያች ዓረፍተ ነገር የእሷ ነበረች። በየቀኑ ከሰዓት የራሷን ስትጽፍ፣ በየቀኑ ጠዋት እኔ ስሽርባት፣ አንድ ዴስክ ላይ ሳንተያይ ከረምን። እኔ ያሸነፍኩ ዕለት ደግሞ አላሸነፍኩም። እሷ መጻፏን ትታ፣ የመሐሉን እየነካች የኔን ማንበብ ጀምራ ነው።

አባቴ ብዙም ሳይቆይ መጣ። መኪናውን አላቆመም፤ የሰው መኪና አምጥቶ አወረደው። ናፍጣ አልሸተተም፤ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ጉንጮቹ ገብተው፣ ሱሪው በቀበቶ ታንቆ፣ ሽቦው ገና አልወጣለትም ነበር። ሳየው መጀመሪያ ሸሸሁ። ከዚያ ዓይኑን አወቅሁት። አንገቱ ላይ ተንጠልጥዬ፣ አመጣሁህ፣ አመጣሁህ ስለው እናቴ ምን እንደምል አልገባትም።

መናገር ስለማይችል ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ እኔ ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። "ሾርባው ሙቅ ነው።" "ራዲዮውን ቀንሱት።" "ልጄ መቼ ነው እንዲህ ማንበብ የቻለችው?" ይህችኛዋን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። አክስቴ፣ "እሰይ፣ ቤቱ አፈ ጉባኤ አገኘ!" ብላ ሳቀች፤ እናቴ የስፌት መኪናዋን ጀመረች። ፈርቼ የማላውቅ ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ልብሱን ለብሶ ስልኩን ሰጠኝ። "የምሄድበት ቤት አለ። አፍ ሁኚኝ" ይላል። እናቴ፣ "ልጅቷን ለምን?" አለችው። ጽፎ አሳያት፤ ያንን እኔ አላነበብኩትም። እናቴ ጫማዬን አመጣችልኝ።

ከግቢው በላይ ያለ ሰፈር ነው። አባቴ ቀስ እያለ፣ ጎኑን ይዞ ይራመዳል፤ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ጋ ስንደርስ ቆሞ ብዙ ተነፈሰ። ከዚያ ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

ከውስጥ የሩጫ ድምፅ ተሰማ። "ማነው?" እንኳን አላለችም። በሩ ተበርግዶ አንዲት የኔ እኩያ ልጅ፣ ፀጉሯ በጥቁር ሻሽ የታሰረ፣ እያለከለከች ብቅ አለች። አባቴን አየችው። ለአንዲት አፍታ ብቻ ነው ያየችው። ከዚያ ከእሱ ጀርባ ያለውን መንገድ አየች፤ በግራው በኩል፣ በቀኙ በኩል፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ።

"አባዬስ?" አለች። "መኪናውን እያቆመ ነው?"

እናቷ ከኋላዋ መጥታ ነጠላ ጫማዋን ሳታጠልቅ ቆመች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ በተቆለፉት ጥርሶቹ መሐል የሆነ ድምፅ አወጣ፤ ቃል አልነበረም። ስልኩን አወጣ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ። ፊደል ይሳሳትና ይመልሳል። በመጨረሻ ለእኔ አቀበለኝ።

ጽሑፉን ከማንበቤ በፊት አየሁት። እነዚያን ቃላት ስንት ጠዋት ሙሉ ከታብሌቱ መስታወት ላይ ሳባርራቸው ከርሜ ነበር። መልሼ ልሰጠው እጄን ዘረጋሁ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ዓይኑ ይለምነኝ ነበር። በጣም ፈራሁ፤ ታብሌቱን ያን ያህል አልፈራሁትም። ግን አነበብኩ።

"ልጄ፣ አባትሽ አብሮኝ አልመጣም። አባትሽ ከመንገድ አይመለስም። የምነዳው እኔ ነበርኩ።"

አንድም ቃል አልተደናቀፍኩም።

ልጅቷ አሁን እኔን ታየኝ ጀመር። አላለቀሰችም። "ሳይመለስ ቀረ ብዬ የጻፍኩት እኮ እኔ ነበርኩ" አለች፣ ለማስረዳት ያህል፣ ቀስ ብላ። "ታብሌቱ ግን አይደለም አለኝ። ይመጣል አለኝ።"

በሩን እንደያዘች በአገጯ ስልኩን አመለከተችኝ።

"ድገሚው" አለች።

ደገምኩላት።